ብሪታንያን ድራይቭ ኢን ሲኒማ የነሳት ዝናቡ አይደለም

በዓለም የመጀመሪያው ድራይቭ ኢን ሲኒማ የተከፈተው ጁን 6 ቀን 1933 ነው። ቦታው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ ካምደን ከተማ አጠገብ። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሰው መኪናውን እየነዳ ገባ፣ በተመደበለት ቦታ አቆመ፣ ከመቀመጫው ሳይነሳ ፊልም አየ። ያን ምሽት የታየው ፊልም ግን የአሜሪካ አልነበረም። አዶልፍ ማንዡ የተወነበት፣ ከአንድ ዓመት በፊት የተሠራ የእንግሊዝ ኮሜዲ ነበር።

ነገሩ ትንሽ ያስቃል። ፊልሙን የሰጠችው አገር ራሷ ለአሥርተ ዓመታት እንዲህ ያለ ሲኒማ ሳይኖራት ቀረች። ሐሳቡ ጠፍቶ አይደለም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ “እኛስ ለምን አንሠራም?” የሚል ሰው በየጊዜው ብቅ ይል ነበር። ዕቅዱ ይወራል፣ ሰው ይጓጓል፣ ከዚያ ወሬው ይጠፋል። አሜሪካ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከ4,000 በላይ ድራይቭ ኢን ስትቆጥር፣ የብሪታንያዎቹ ዕቅዶች ከወረቀት ፈቅ አላሉም።

ለምን? እንግሊዞቹን ራሳቸውን ብትጠይቋቸው መልሱ አፋቸው ላይ ነው። ዝናብ ይሏችኋል። እኔ ግን ይህ መልስ ውሃ አያነሳም ባይ ነኝ።

ለንደን በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ኒው ዮርክ የዚህን እጥፍ ታገኛለች። ሮም እንኳን፣ ያቺ ፀሐያማ የምንላት ሮም፣ ከለንደን ይበልጥ ይዘንብባታል። እርግጥ የእንግሊዝ ዝናብ ጠባዩ ሌላ ነው። ዶፍ ወርዶ አያባራም፤ ካፊያው ቀኑን ሙሉ ሲያንጠባጥብ ይውላል። ይሁን እንጂ ድራይቭ ኢን ከጅምሩ የታሰበው ዝናብን ይችላል ተብሎ ነው። ፈጣሪው ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ ሐሳቡን የሞከረው በቤቱ ግቢ ነበር። ፕሮጀክተሩን የመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ። ዛፎች መካከል አንሶላ ወጠረ። ከአንሶላው ጀርባ ሬዲዮ አደረገ። ከዚያ የሣር ውሃ መርጫውን አምጥቶ መኪናው ላይ ለቀቀው። በዝናብ ጊዜ ከውስጥ ሆኖ ይታይ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ታየው። የባለቤትነት መብቱንም በሜይ 1933 አገኘ።

ስለዚህ ዝናቡን ለጊዜው እንተወው። ዕቅዶቹን የገደሉት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንዱ ደግሞ ብዙ ሰው ጨርሶ የማያስበው ነው።

ሰዓቱ

ነገሩ ወዲህ ነው። ፊልም ጨለማ ይፈልጋል። ያኔ የነበረው ፕሮጀክተር ሰማዩ ብርሃን እያለው ቢበራ ምስሉ ገርጥቶ ምንም አይለይም። አዲስ አበባ ላይ ቢሆን ይህ አያስጨንቅም። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ፊልም ማስጀመር ይቻላል፣ ክረምትም በጋም።

ለንደን ግን ከምድር ወገብ ርቃ 51 ዲግሪ ተኩል ላይ ነው ያለችው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ግላስጎው ላይ ደግሞ 4 ሰዓት ካለፈ በኋላ። ብትጠልቅም ወዲያው አይጨልምም። እንግዲህ አስሉት። ፊልሙ 4 ሰዓት ላይ ቢጀመር የሚያልቀው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፋብሪካ የሚገባ ሰው፣ ልጆቹን ኋላ መቀመጫ ላይ አስተኝቶ በዚያ ሰዓት ወደ ቤቱ ይነዳል ማለት ነው። እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

የዚህ ግማሹ የተፈጥሮ ሥራ ነው። ግማሹ ግን የሰው ነው። ብሪታንያ ከ1916 ጀምሮ በሙቀቱ ወራት ሰዓቷን በአንድ ወደፊት ትገፋለች። ሰው ምሽቱን በብርሃን እንዲያሳልፍ የወጣ ሕግ ነው። ለአትክልተኛው፣ ለክሪኬት ተጫዋቹ፣ ለእግረኛው ጥሩ ሆነ። ለድራይቭ ኢን ግን ከምሽቱ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት ቆርጦ ወሰደበት።

“ታዲያ ጀርመንስ?” የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ትክክል ነው። ምዕራብ ጀርመን በ1960 ፍራንክፈርት አጠገብ፣ ግራቨንብሩኽ በሚባል ቦታ፣ የመጀመሪያ ድራይቭ ኢኗን ከፍታለች። ፍራንክፈርት ደግሞ ከለንደን እምብዛም ወደ ደቡብ አትርቅም። ብርዱም ቢሆን ከእንግሊዝ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ልዩነቱ የግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ምዕራብ ጀርመን ከ1950 እስከ 1979 ሰዓት የመግፋት ልማድ አልነበራትም። ስለዚህ ያኔ በጁን መጨረሻ ፍራንክፈርት ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ገደማ ነበር። ከለንደን 40 ደቂቃ ቀድማ ማለት ነው። ሮም በ1957 ካሳል ፓሎኮ በሚባለው ሰፈር ድራይቭ ኢን ስትከፍት ጣሊያንም ሰዓት አትገፋም ነበር። ፀሐይዋ በረጅሙ ቀን እንኳን 2 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በ1954 በርዉድ ላይ የአውስትራሊያን የመጀመሪያ ድራይቭ ኢን የከፈተችው ሜልቦርንም እንደዚያው።

የአሜሪካ ድራይቭ ኢን ባለቤቶች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። ሰዓት መግፋትን አጥብቀው ሲቃወሙ ኖረዋል። በ1967 በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጸና ገበያቸውን ከጎዱት ነገሮች አንዱ ሆነ። እነሱ ከ30 ዓመት በላይ ከሠሩበት በኋላ የመጣባቸው ጣጣ ነው። ብሪታንያዊው ነጋዴ ግን ገና ዕቅዱን ሲነድፍ ነበር የጠበቀው።

የብርዱ ወራት ሲመጣ ይሻላል ትሉ ይሆናል። በዲሴምበር ለንደን ላይ ፀሐይ ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። ጨለማ እንደልብ ነው። ግን ከድጡ ወደ ማጡ። የ1950ዎቹ የእንግሊዝ የቤተሰብ መኪና፣ ሞሪስ ማይነርን የመሰለችው ማለቴ ነው፣ ማሞቂያ አብሯት አይመጣም ነበር። የፈለገ ገንዘብ ጨምሮ ያስገጥማል። ሞተር አጥፍቶ፣ ያለ ማሞቂያ፣ በዲሴምበር ሜዳ ላይ ሁለት ሰዓት መቀመጥ መዝናናት አይደለም። በዚያ ላይ የድምፁ ጉዳይ አለ። ከ1940ዎቹ ወዲህ ድራይቭ ኢኖች የሚጠቀሙት ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነበር። ደንበኛው አንሥቶ በመስኮቱ በኩል ያስገባዋል። ለዚህ መስኮቱ ትንሽ ከፈት ማለት አለበት። ብርዱም ካፊያውም አብሮ ይገባል።

ይህን ሁሉ ከከተማው ሲኒማ ቤት ጋር አስተያዩት። በ1930ዎቹ እንደ አሸን የፈሉት ኦዲዮንን የመሰሉ ሲኒማ ቤቶች ምንጣፍ ያላቸው፣ ሞቃት፣ ብዙ ሰው በእግሩ የሚደርስባቸው ነበሩ። ለብዙ ሠራተኛ ከገዛ ቤቱ ይልቅ ሲኒማ ቤቱ ይሞቃል። ከቀትር በኋላ ጀምረው እስከ ማታ ሳያቋርጡ ያሳያሉ። አንዱን ወንበር በቀን ብዙ ጊዜ ይሸጡታል። ድራይቭ ኢን ግን በሙቀቱ ወራት አንዱን ቦታ በአንድ ምሽት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሸጠው። እንበልና 300 መኪና ቢያስገባ፣ በያንዳንዱ ሦስት ሰው ቢኖር፣ 900 ሰው ነው። ይህም ሜዳው ከሞላ ነው። አንድ መካከለኛ ሲኒማ ቤት ይህን ያህል ሰው እራት ሳይደርስ ያስተናግዳል።

መኪናውስ የት አለ?

ይህኛው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በ1951 ብሪታንያ ውስጥ ከ100 ቤተሰብ መኪና የነበረው 14 ያህሉ ነው። በ1950 በአገሪቱ የነበሩት የግል መኪኖች 2 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ 40 ሚሊዮን ነበሩ። ቤንዚን በጦርነቱ ምክንያት በራሽን ይሰጥ የነበረው እስከ ሜይ 1950 ነው። ሰው ተገላገልኩ ሲል የስዌዝ ቀውስ መጣና ከ1956 መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ራሽን ተመለሰ። ፊልም ለማየት ቤንዚን የሚያቃጥል ሰው በዚያ ጊዜ አይገኝም።

ግን የመኪና ማነስ ብቻውን ሙሉ መልስ አይሆንም። በ1930ዎቹ፣ መኪና ገና ብርቅ እያለ፣ ከለንደን በሚወጡት አዳዲስ አውራ ጎዳናዎች ዳር ሮድሃውስ የሚባሉ መዝናኛዎች ተከፍተው ነበር። ኪንግስተን ባይፓስ ላይ የነበሩትን የመሰሉት በዋናነት ለባለ መኪና የታሰቡ ነበሩ። እራት፣ ዳንስ፣ አንዳንዶቹ ጋ መዋኛም ጭምር። እንግሊዛዊ ባለ መኪና ለመዝናናት ከከተማ ወጣ ማለትን ይወድ ነበር። በ1961 ደግሞ መኪና ያለው ቤተሰብ ከ100 ወደ 31 ደርሷል። ቢያንስ ለጥቂት ድራይቭ ኢኖች የሚበቃ ገበያ ነበር። እነዚያ ጥቂቶች እንኳን ያልተከፈቱበት ምክንያት ሌላ ቦታ ነው።

ሜዳውን ማን ይፈቅዳል?

ድራይቭ ኢን ምን ዓይነት መሬት ይፈልጋል? ሰፊ። ርካሽ። ከተማው ዳር ላይ ያለ። ትልቅ መንገድ አጠገብ የሆነ። የመንገድ መብራት የማይረብሸው። አሁን ይህን መግለጫ ይዛችሁ ብሪታንያ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያወጣቻቸውን የመሬት ሕጎች ብታነቡ፣ ሕጎቹ በትክክል ይህንኑ መሬት ለመከልከል የወጡ ይመስላሉ።

በ1935 በአውራ ጎዳና ዳርና ዳር ግንባታ እንዳይዘረጋ የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1947 ደግሞ ትልቁ መጣ፤ የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ ይባላል። ከጁላይ 1948 ጀምሮ መሬት የራስህ ቢሆንም እንኳን ላዩ ላይ የምትሠራውን ነገር፣ ወይም አገልግሎቱን መቀየርህን፣ የአካባቢው ምክር ቤት መፍቀድ አለበት። የላም ግጦሽን የመኪና ሲኒማ ማድረግ አገልግሎት መቀየር ነው። በ1955 ሚኒስትሩ ደንከን ሳንዲስ ምክር ቤቶች በየከተማው ዙሪያ አረንጓዴ ቀበቶ፣ ማለትም ግንባታ የሚገደብበት መሬት፣ እንዲከልሉ የሚገፋፋ መመሪያ አወጣ። ድራይቭ ኢን ሊቆምበት የሚችለው መሬት ከሞላ ጎደል በቀበቶው ውስጥ ገባ።

አሜሪካ ላይ ገበሬው ማሳውን ለነጋዴ ይሸጣል፣ ነጋዴው ስክሪን ያቆማል። ብሪታንያ ላይ መሃል ላይ ኮሚቴ አለ። የኮሚቴ አባል ሆናችሁ አስቡት። ማመልከቻው ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ላይ መቶዎች መኪኖች በአንዴ ወደ ጠባብ መንገድ ይወጣሉ ይላል። ጎረቤቱ ጩኸት ፈርቷል። ቄሱ ጨለማ መኪና ውስጥ ስለሚቀመጡ ወጣቶች አስቧል። መራጮቻችሁ መኪና የላቸውም። ፍቀዱ የሚል ማን አለ? እኔ ብሆንም የምፈቅድ አይመስለኝም።

ሌሎቹ ሕጎችም ነበሩ። የ1909 የሲኒማ ሕግ የወጣው ያኔ ፊልሙ ራሱ በቀላሉ ይቀጣጠል ስለነበር፣ ቃጠሎን ለመከላከል ነው። ፈቃድ ሰጪው ያው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። የእሑድ ትዕይንትም ከ1932ቱ ሕግ ወዲህ በየአካባቢው ውሳኔ የሚታይ ሆነ። እስከ ኖቬምበር 1954 ድረስ ደግሞ ማንኛውም ከፍ ያለ ግንባታ ልዩ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ሲሚንቶና ብረት ለቤትና ለፋብሪካ ይቅደም ተባለ። በነዚያ ዓመታት መደበኛ ሲኒማ ቤት እንኳን እንደ ልብ አይሠራም፣ የመኪናው ይቅርና።

ፊልሙስ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ የካምደኑ ታሪክ ያስተምራል። የሆሊንግስሄድ ድራይቭ ኢን የቆየው ሦስት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። ትልቁ ራስ ምታቱ ፊልም ነበር። አከፋፋዮቹ ያረጀ ፊልም በውድ ያከራዩት ነበር። ነባሮቹን ሲኒማ ቤቶች ማስቀየም አልፈለጉም።

በብሪታንያ ይህ ገመድ ይበልጥ የጠበቀ ነበር። በ1940ዎቹ ከ4,700 ገደማ ሲኒማ ቤቶች አንድ ሺህ ያህሉ በሦስት ስሞች ሥር ነበሩ፤ ኦዲዮን፣ ጎሞን እና ኤቢሲ። ኦዲዮንና ጎሞን ደግሞ ሁለቱም ራንክ የተባለው የፊልም ድርጅት ንብረት ነበሩ። ቁጥሩ ከሩብ አይበልጥም፤ ነገር ግን ትልልቆቹና ጥሩ ቦታ ላይ ያሉት እነሱ ናቸው። አዲስ ፊልም መጀመሪያ የሚሄደው ወደነሱ ነው። በዚያው አካባቢ ያለ ሌላ ሲኒማ ተራውን ይጠብቃል። ሜዳ ላይ ያለው አዲስ ገቢ ከተራው መጨረሻ ነው የሚሰለፈው። ሰው በሞቀ አዳራሽ ውስጥ ከሳምንታት በፊት ያየውን ፊልም ለማየት ቤንዚን አቃጥሎ አይመጣም።

በዚያ ላይ ገበያው ራሱ እየፈሰሰ ነበር። በ1946 ብሪታንያ ውስጥ 1,635 ሚሊዮን የሲኒማ ትኬት ተሸጧል። ይህ እስከ ዛሬ ያልተደገመ ቁጥር ነው። የ1953ቱ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘውድ መጫን ቴሌቪዥንን በየሳሎኑ አስገባ። በሴፕቴምበር 1955 የንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተጨመረ። በ1960 ትኬቱ ወደ 500 ሚሊዮን ወርዷል። እንግዲህ መኪናው ሲበዛ ተመልካቹ አነሰ። መኪናና ተመልካች አብረው የበዙበት ጊዜ ብሪታንያ ላይ አልመጣም። አሜሪካ ከጦርነቱ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት ያገኘችው ዕድል ይኸው ነበር፤ መኪናው፣ ርካሹ መሬት፣ ብዙ ልጆች ያሉት ወጣት ቤተሰብ፣ ሁሉም በአንዴ።

መኪናና ሲኒማ በብሪታንያ የተጋቡት በሌላ መንገድ ነው። በ1984 የትኬት ሽያጭ 54 ሚሊዮን ላይ ወድቆ ሁሉም ሲኒማ ሞተ ሲል፣ በማግስቱ ዓመት በኖቬምበር ሚልተን ኪንስ ውስጥ ዘ ፖይንት ተከፈተ። አሥር ስክሪን ያለው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው መልቲፕሌክስ ነው። ሐሳቡም ከአሜሪካ የመጣ ነው። ሚልተን ኪንስ ደግሞ ለመኪና ተብላ የተነደፈች አዲስ ከተማ ናት። ሰው ነድቶ ይመጣል፣ መኪናውን ውጭ ያቆማል፣ ሙቀት ውስጥ ይገባል። ሰዓቱም ብርዱም አይነካውም። መሬቱም በፕላን የተፈቀደ ነው። በስም ድራይቭ ኢን አይደለም እንጂ ነጋዴዎቹ ከ50 ዓመት በፊት የፈለጉት ደንበኛ ይኸው ነበር።

የ28 ቀኑ ቀዳዳ

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። በ2020 ኮሮና ሲኒማ ቤቶችን ሲዘጋ ድራይቭ ኢን እንደ አዲስ ተነሣ። መንግሥት በእንግሊዝ ከጁን 15 ጀምሮ ከመካነ እንስሳት ጋር አብሮ እንዲከፈት ፈቀደ። ሉና ሲኒማ የተባለው ድርጅት ዎሪክ ካስልንና ብሌንሃይምን በመሳሰሉ ታሪካዊ ግቢዎች ስክሪን አቆመ። ላይቭ ኔሽን ደግሞ በ12 ቦታዎች የድራይቭ ኢን ኮንሰርት ጉዞ አዘጋጅቶ ነበር። ከተማዎች ተለይተው ሊዘጉ ይችላሉ የሚለው ስጋት ሲጠና፣ ጁላይ ላይ ሳይጀመር ሰረዘው። ያልተፈጸሙት የብሪታንያ ዕቅዶች ዝርዝር ላይ አንድ ተጨመረ።

በዚያ ዓመት የታዩት ሁሉ ግን አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል። ጊዜያዊ ነበሩ። ይህ በአጋጣሚ አይደለም። የፕላን ደንቡ አንድ ቀዳዳ አለው። መሬትህን ያለ ፈቃድ በዓመት እስከ 28 ቀን ለሌላ አገልግሎት መጠቀም ትችላለህ። ትርዒት ወይም ሲኒማ ሊሆን ይችላል። ከጁላይ 2020 ጀምሮ ይህ ለጊዜው ወደ 56 ቀን ከፍ ተደርጎ ነበር። ስለዚህ ዛሬም የብሪታንያ ድራይቭ ኢን ባለቤት ማሳ ይከራያል፣ ስክሪኑን በጭነት መኪና ያመጣል፣ ለጥቂት ምሽት ያሳያል፣ ነቅሎ ይሄዳል። ሰዎች ይህን የፋሽን ጉዳይ ያደርጉታል። እኔ ከፋሽኑ ይልቅ የ1947ቱ ሕግ ሥራ ነው የሚታየኝ።

ከድሮዎቹ እንቅፋቶች ግን ጥቂቶቹ ቀልለዋል። ድምፁ አሁን በኤፍኤም ሬዲዮ ነው የሚመጣው፤ አዘጋጁ ኦፍኮም ከተባለው የብሮድካስት ተቆጣጣሪ አነስተኛ ፈቃድ ያወጣል፣ ደንበኛው መስኮቱን ዘግቶ ይሰማል። ኤልኢዲ ስክሪን ቀን በብርሃን ማሳየት ይችላል፤ ለኪራይ ውድ ቢሆንም ያንን የሰዓት ጣጣ ይፈታዋል። ኤልኢዲ የሌለው ደግሞ ብልሃቱን አግኝቷል። ከጁን ይልቅ ኦክቶበርን ይመርጣል። ሃሎዊን ላይ አስፈሪ ፊልም፣ ዲሴምበር ላይ የገና ፊልም ያሳያል፤ በጊዜ ስለሚጨልም ልጆች ሳይተኙ ያልቃል። የቀረው ብርዱ ነው። አዘጋጆቹ ሞተር አጥፉ፣ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ ይላሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ግን ማሞቂያውን ያለ ሞተር ጩኸትና ያለ ጭስ ለሁለት ሰዓት ማብራት ይችላል። የመሬቱ ፈቃድ ግን ዛሬም የሚጠየቀው ከዚያው ኮሚቴ ነው።